ቡክሲኔተር፦ ያኝካል ወይስ መለከት ይነፋል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ ‹ከእነዚህ ውስጥ የማኘኪያ ጡንቻ ያልሆነው የቱ ነው?› ተብለን መልሱ ቡክሲኔተር የሚባለው የጉንጭ ጡንቻ ሆነ። መጽሐፋችን ግን ይሄው ጡንቻ ምግብ ሲታኘክ እንደሚሠራ ይናገራል። የቱን እንመን? ስሙም በላቲን ‹መለከት ነፊ› ማለት ነው አሉን። ጉንጭና መለከት ምን አገናኛቸው? ከማሴተር ጋርም እየተምታታብኝ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ ሰላም። ፈተናውም መጽሐፉም ልክ ናቸው። ስሙ ግን የራሱ ወሬ አለው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ጡንቻዎች በእጅሽ እንለያቸው። መምታታቱ ያን ጊዜ ይቀላል።

እጅሽን ታጠቢ። የመንጋጋ ጥርሶችሽን ግጥም አድርገሽ ንከሺ። ጣቶችሽን ከጆሮሽ ዝቅ ብሎ፣ መንጋጭላሽ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ አሳርፊ። በነከስሽ ቁጥር ወጣ ብሎ የሚጠነክር፣ ስትለቂ የሚረግብ ነገር ታገኛለሽ። ማሴተር እሱ ነው። ከጉንጭ አጥንት ተነስቶ ወደ ታች ይወርድና የታችኛው መንጋጭላ ውጪ ላይ ይያያዛል። ወፍራም ነው፤ ለመጠኑ ጉልበቱ ብዙ ነው። ሌሊት ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎች ጠዋት «እዚህ ጋ ያመኛል» ብለው የሚያሳዩኝ ይሄን ቦታ ነው።

አሁን ጥርስሽን ፍቺ። አመልካች ጣትሽን ከከንፈርሽ ጥግ አስገብተሽ ጉንጭሽና ጥርስሽ መሀል አድርጊው። አውራ ጣትሽ ከውጭ ይሁን። በሁለቱ መሀል የያዝሽው ነገር ስስና ለስላሳ ነው። ከዚያ ጁስ በስትሮ እንደምትጠጪ ምጪ። የጉንጭሽ ግድግዳ መጥቶ ጣትሽን ጥርስሽ ላይ ይለጥፈዋል። ቡክሲኔተር ደግሞ ይሄ ነው።

ሁለቱም «ጉንጭ» የምንለው ቦታ ላይ ስላሉ ነው የሚምታቱት። ማሴተር ወደ ኋላና ወደ ውጭ ነው፤ ቡክሲኔተር ወደ ፊትና ወደ ውስጥ። በመሀላቸው ስብ አለ፤ በፈረንሳዊው ሐኪም በዣቪዬ ቢሻ ስም ይጠራል። የሕፃን ጉንጭ ድብልብል የሚለው በዚህ ስብ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ጉንጩ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድም ይደግፈዋል። ዛሬ ዛሬ ፊቴ ቀጠን ይበል ብለው በቀዶ ሕክምና የሚያስወጡት አሉ። እኔ አልመክርም። የፊት ነርቭ ቅርንጫፎችና የምራቅ ቱቦ በዚያው ነው የሚያልፉት። ዕድሜ ሲገፋ ፊት ስቡን በራሱ ጊዜ ማጣቱ አይቀርም፤ ምን አስቸኮለን?

ወደ ፈተናሽ እንመለስ። የማኘኪያ ጡንቻ ተብለው የተመዘገቡት አራት ናቸው፦ ማሴተር፣ ቴምፖራሊስ፣ ሚድያል ቴሪጎይድና ላተራል ቴሪጎይድ። አራቱም ታችኛውን መንጋጭላ ያንቀሳቅሳሉ። አራቱንም የሚያዛቸው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው፤ በሦስተኛው ቅርንጫፉ በኩል። ፅንስ በተፈጠረ በአራተኛው ሳምንት ገደማ አንገቱ አካባቢ ቅስቶች ይወጣሉ። አራቱ ጡንቻዎች ከመጀመሪያው ቅስት የመጡ ናቸው። ቡክሲኔተር ከሁለተኛው ነው። ዘመዶቹ የሚያስቁን፣ የሚያኮሳትሩን፣ ዓይን የሚያስጨፍኑን ጡንቻዎች ናቸው። ነርቩም ሰባተኛው፣ ማለትም የፊት ነርቭ ነው።

ስለዚህ ፈተናው የጠየቀሽ ዘሩን ነው። መጽሐፉ የነገረሽ ሥራውን። ፈተና ላይ «የማኘኪያ ጡንቻ» ሲባል አራቱን ብቻ አስቢ፣ ነጥብሽንም ውሰጂ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው እንደዚያ መቅረቡ አይጥመኝም። ተማሪው «ቡክሲኔተር ከማኘክ ጋር ጉዳይ የለውም» ብሎ ይወጣል። በኋላ ዋርድ ውስጥ ጉንጩ የማይሠራ ሰው ሲገጥመው ግራ ይገባዋል።

ሥራውን ለማየት ቆሎ አፍሽ ውስጥ ጣል አድርጊና ቀስ ብለሽ አኝኪ። መንጋጭላሽ ሲገጥም ገብሱ ይሰበራል። ስብርባሪው ግን ጥርሱ ላይ አይቆይም። ግማሹ ወደ ምላስሽ፣ ግማሹ ወደ ጉንጭሽ ይወርዳል። በድድና በጉንጭ መሀል ኪስ አለ፤ ዝም ከተባለ ቆሎው እዚያ ይከማቻል። ጥርሶቹ ሲለያዩ ምላስ ከውስጥ፣ ቡክሲኔተር ከውጭ ገፋ ያደርጉትና እንደገና ጥርሱ ላይ ይመልሱታል። ድንጋይ ወፍጮ የምትፈጭ ሴትዮ አይተሻል? መጁ ይፈጫል፤ እጇ ደግሞ የሸሸውን እህል እየሰበሰበ ወደ መጁ ይመልሳል። ቡክሲኔተር የሴትዮዋ እጅ ነው። በየንክሻው ይሠራል፣ እኛም ልብ አንለውም። ልብ የምንለው ጊዜውን ስቶ ጥርስ ውስጥ የገባ ቀን ነው። «ጉንጬን ነከስኩት!» ብለን ዓይናችን እንባ ያቀራል።

አሠራሩም ለዚህ የተመቸ ነው። ከላይና ከታች የሚነሳው ከሦስቱ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ትይዩ ካለው አጥንት ነው። ከኋላ ደግሞ አንድ የጅማት ስፌት ላይ ይያያዛል። ከስፌቱ ማዶ የጉሮሮ ጡንቻ ይጀምራል። ከፊት የከንፈርን ዙሪያ ከሚዘጋው ጡንቻ ጋር ይቀላቀላል። ከከንፈር እስከ ጉሮሮ ዙሪያውን አንድ ቀበቶ አለ ማለት ነው። ከከንፈር ጥግ ላይ መካከለኛዎቹ ክሮች ይጠላለፋሉ፤ ከላይ የመጡት ወደ ታችኛው ከንፈር፣ ከታች የመጡት ወደ ላይኛው ይሄዳሉ። ጥርስ የሚያስተካክሉ ሐኪሞች ይሄን ቀበቶ በጣም ያከብሩታል። ጥርስ ባለበት የሚቆመው ከውስጥ ምላስ፣ ከውጭ ጉንጭና ከንፈር እየገፉት ነው። ጣቱን ለዓመታት የሚጠባ ልጅ ምላሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጉንጩ ግን መግፋቱን አይተውም። የላይኛው ጥርስ ቅስት የሚጠበው ለዚህ ነው። ጥርሳቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የሚገባውም ቡክሲኔተር የሚደገፍበትን ስላጣ ነው።

አሁን ስሙ። ከሮማውያን ጦር ሰፈር ነው የመጣው። ቡኪና የሚባል የተቆለመመ መለከት ነበራቸው። ሌሊት የዘብ ተራ ሲቀየር ይነፋ ነበር። ነፊው ቡኪናቶር ይባላል። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን በሬ እና መዘመር ከሚሉ ሁለት የላቲን ሥሮች ያወጡታል። መነሻው የበሬ ቀንድ ነው፤ እኛ ቀንደ መለከት የምንለው። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ የኢያሪኮን ቅጥር የዞሩትን ካህናት ቡኪና ሲያስይዛቸው፣ የአማርኛው ቀንደ መለከት ያስይዛቸዋል።

አንዳንድ ሰው ስሙን ቡካ ከሚል ሌላ የላቲን ቃል ያወጣዋል። ቡካ ጉንጭ ነው፤ በተለይ የተነፋ ጉንጭ። አፍ የሚለው የጣልያንኛው ቦካ ከዚያ ነው የመጣው። መለከት የሚነፋ ሰው ጉንጩ ስለሚታይ ሁለቱ ቃላት ድሮም ተደባልቀዋል። በአንድ «ሲ» ይጻፍ የነበረው ቡኪና ሁለተኛ «ሲ» የጨመረው ቡካን ለመምሰል ነው። የአናቶሚ መጽሐፎች ዛሬም በሁለት «ሲ» ይጽፉታል። ጉንጭ ስሙን አልወለደም፤ አጻጻፉ ውስጥ ግን እጁን አስገብቷል።

የማሴተር ስም ቀጥተኛ ነው። በግሪክ «አኛኪ» ማለት ነው። ማኘክ ከሚለው የግሪክ ግስ ይወጣል። ኪዮስ በምትባል የግሪክ ደሴት ከአንድ ዛፍ የሚወጣ፣ ከጥንት ጀምሮ የሚታኘክ ሙጫ አለ። የሙጫው ስም ጥርስ ማፋጨት ከሚል የግሪክ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ሱቅ ሄደሽ የምትገዢው ማስቲካ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሙጫ ነው። «አኛኪ» የሚለውን ስም ጉልበተኛው ወሰደ፤ ለስሱ መለከቱ ደረሰው።

ለምን መለከት? ጉንጭሽን በአየር ሞልተሽ ከንፈርሽን ዝጊ። ከዚያ ከንፈርሽን ትንሽ ከፍተሽ አየሩን አስወጪው። የሚያስወጣው የቡክሲኔተር መኮማተር ነው። እዚህ ድረስ ስሙ ልክ ነው። ግን «መለከት ነፊ» ሲባል ሁላችንም የሚታየን ጉንጩ ያበጠ ሰው ነው። ስሙ ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጉንጭ ሲያብጥ ቡክሲኔተር ተለጥጧል፤ ሥራ ላይ ያለው ጉንጭ ጠፍጣፋ ነው። የትራምፔት አስተማሪዎች «ጉንጭህን አትንፋ» እያሉ ተማሪ የሚቆጡት ለዚህ ነው። ጉንጩ ጸንቶ ካልያዘ አየሩ በጠባቡ በከንፈር በኩል በኃይል አይወጣም። በዓለም ታዋቂው የጃዝ ትራምፔተኛ ዲዚ ጊልስፒ ተቃራኒውን ያደርግ ነበር። ጉንጮቹ ከፊቱ ወጥተው ተወጥረው ይታዩ ነበር። ድንቅ ሙዚቀኛ ነው፤ ጉንጩን ግን ለተማሪ ምሳሌ አድርጎ የሚያሳይ መምህር የለም።

የጡንቻው ብቃት በደንብ የሚታየው ሳያቋርጡ በሚነፉ ሙዚቀኞች ላይ ነው። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዲጀሪዱ የሚባል ረጅም የእንጨት መንፊያ አላቸው። ነፊው ጉንጩን በአየር ይሞላል። ከዚያ በአፍንጫው አየር እየሳበ ባለበት ቅጽበት ቡክሲኔተሩ በጉንጩ ያለውን አየር ገፍቶ ወደ መሣሪያው ያስገባል። ድምፁ ሳይቆረጥ ደቂቃዎች ይሄዳል። ሳንባው እስኪመለስ ድምፁን ይዞ የሚቆየው ይሄ ስስ ጡንቻ ነው።

ከነፊዎች ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ከጆሮ ፊት ያለው ትልቁ የምራቅ ዕጢ ምራቁን ወደ አፍ የሚያመጣው በአንድ ቱቦ ነው። ቱቦው ማሴተርን ተሻግሮ ይመጣና ቡክሲኔተርን ሰርስሮ ይገባል። በላይኛው ሁለተኛ የመንጋጋ ጥርስ ትይዩ ይከፈታል። መስታወት ፊት አፍሽን ከፍተሽ ጉንጭሽን ወደ ውጭ ሳብ ብታደርጊው ትንሽ እብጠት ታያለሽ፤ በሩ እሱ ነው። ኒልስ ስቴንሰን የሚባል ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1660 አምስተርዳም ውስጥ የበግ ጭንቅላት ሲበልት አገኘው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ምራቁ እየወጣ አየር ግን እንዳይገባ የሚከላከለው የቱቦው መታጠፍና የቡክሲኔተር መጥበቅ ነው። ነፊዎችና ብርጭቆ በትንፋሽ የሚሠሩ ሰዎች ላይ ግን አንዳንዴ ግፊቱ ያይላል፤ አየር ወደ ዕጢው ይገባና ጆሮ ሥር ያብጣል።

በሀገራችን ስለ ጉንጭ ተወርቶ ጫት አይቀርም። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ቅጠሉን አላምጦ በአንድ ጉንጩ ያከማቸዋል። ሰዓታት ይቆያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በለመደው ወገን ነው። ማሴተሩ ሥራ ስለበዛበት ሊወፍር ይችላል። ያን ጊዜ ፊት ወደ አንድ ጎን ሰፋ ይላል። ቡክሲኔተር ግን ስስ ነው፤ እየተወጠረ ይቆያል እንጂ አይወፍርም። «ጫት ጉንጬን አሳበጠው» የሚል ሰው ሲመጣ ታዲያ የትኛው ቦታ እንደሆነ በጣቴ አያለሁ። ሲነክስ የሚጠነክር ከሆነ ማሴተር ነው። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የውስጡ ሽፋን ነው። ክምችቱ የሚያርፍበት ቦታ ነጣ ብሎ ሊሻክር ይችላል፤ ድዱም ከጥርሱ ይሸሻል። ነጭ ወይም ቀይ ነገር፣ ወይም ቁስል፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ይታይ። «ይለቃል» እያሉ መጠበቅ አያዋጣም።

የነርቩን ነገር ሳታጠሪ እንዳታልፊ አደራ። የጉንጭን ሕመምና ንክኪ የሚያስተላልፈው አምስተኛው ነርቭ ነው። ጡንቻውን የሚያንቀሳቅሰው ሰባተኛው ነው። ባክል የሚባል የአምስተኛው ነርቭ ቅርንጫፍ ቡክሲኔተርን ሰርስሮ ያልፋል፤ ተማሪ ሁሉ የሚያዘው እሱ ነው ብሎ ይስታል። ክሊኒክ ውስጥ ልዩነቱን በየቀኑ እናየዋለን። የታች መንጋጋ ጥርስ ለመንቀል ማደንዘዣ የተወጋ ልጅ ጉንጩ ይደነዝዛል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። ልጁ አያመውም፤ ስለዚህ እንደ ጨዋታ ጉንጩን ያኝከዋል። ማታ እናትየው «ጥርሱን ነቅላችሁ ጉንጩን አቆሰላችሁት» ብላ ትደውላለች። ድንዛዜው እስኪለቅ ምግብ አትስጡት የምንለው ለዚህ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ የፊት ነርቭ ሲታመም ነው። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ስለዚህ ነርቭ ጽፎ ነበር፤ ድንገት የሚመጣው የአንድ ወገን ፊት መዛል ቤልስ ፓልሲ የተባለው በእሱ ነው። ሰፈር ውስጥ «ምች ነው»፣ «ብርድ መታው» ይባላል። ሰውየው ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይነሳል። ሐኪሙ «ግንባርህን ጨምድድ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ጉንጭህን ንፋ» ይለዋል። ጉንጩን ሲነፋ አየሩ በታመመው በኩል በከንፈሩ ጥግ ሾልኮ ይወጣል። ግንባሩ የሚጨማደድ ሆኖ ከታች ብቻ ከዛለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ቤልስ ፓልሲም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር መድኃኒት አለው። «በራሱ ይመለስ» ብሎ ሳምንት የቆየ ሰው ያ ዕድል ያመልጠዋል። የማይከደነውን ዓይን መጠበቅም ከመጀመሪያው ቀን ነው።

አንድ እንዲህ የታመመ ጎልማሳ አስታውሳለሁ። ከፊቱ መጣመም ይልቅ ያሸማቀቀው የማዕድ ነገር ነበር። ከቤተሰብ ጋር እየበላ እንጀራው በጉንጩ ይቀራል። ዞር ብሎ በጣቱ ያወጣዋል። ልጆቹ እንዳያዩት ብቻውን መብላት ጀመረ። ማሴተሩ ደህና ነው፤ የእሱ ነርቭ አምስተኛው ነውና አልተነካም። ጥርሱም ደህና ነው። ይነክሳል፣ ይፈጫል። የሸሸውን የሚመልስለት ግን የለም። ይሄን ሰው «ቡክሲኔተር የማኘኪያ ጡንቻ አይደለም» በይው እስቲ!

ነርስ ልትሆኚ ነውና ይሄን ያዢ። የፊቱ አንድ ወገን የዛለ ሰው ስታበዪ መጀመሪያ መዋጥ እንደሚችል መታየቱን አረጋግጪ፤ በተለይ ስትሮክ ከሆነ። ቀና አድርገሽ አስቀምጪው። ጉርሻውን አሳንሺና በደህናው በኩል ስጪው። እንደ ቆሎ ያለ የሚበታተን ነገር ይቆይ፤ ለስለስ ብሎ የሚያያዝ ምግብ ይሻላል። ጉንጩን ከውጭ በመዳፉ ደገፍ እያደረገ እንዲያኝክ አሳዪው፤ ብዙዎቹን ይረዳቸዋል። በልቶ ሲጨርስ ባትሪ አብሪና በታመመው ወገን፣ በድዱና በጉንጩ መሀል ያለውን ኪስ እዪ። ሰውየው ራሱ የቀረ ነገር እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ካለ በጓንት ጣትሽ ላይ ፋሻ ጠቅልለሽ ጥረጊው፣ አፉንም ይጉመጥመጥ። ይሄን ሳታደርጊ በጀርባው አታስተኚው፤ የቀረው ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል።